በመኪና ማቆሚያ ግቢ ስለ መጠንቀቅ

ሰው ከአውራ ጎዳና ወጥቶ ወደ ግቢ በገባ ጊዜ ልቡ ያርፋል። በጎዳናው ላይ ሳለ ዓይኑ ወዲያና ወዲህ ይመለከታል፤ ጆሮው የጡሩምባ ድምፅ ያዳምጣል፤ እግሩም ለመሸሽ የተዘጋጀ ነው። በሩን አልፎ ወደ አጥሩ ውስጥ በገባ ጊዜ ግን፣ «እንግዲህ ደረስሁ፤ ከአደጋ ወጣሁ» ይላል። ያን ጊዜ ዓይኑ ማየትን ይተዋል፤ ጆሮውም ማዳመጥን ይረሳል።

ይህ አሳብ በብዙ ነገር እውነት ነው፤ አጥር ከሌባና ከአውሬ ይጠብቃልና። ከመኪና ግን አይጠብቅም። መኪና ሰው በገባበት በር ይገባል፤ ሰው በወጣበትም በር ይወጣል። ስለዚህ መኪና የሚቆምበት ግቢ ሁሉ፣ የመንግሥትም ቢሆን የግል ሰውም ቢሆን፣ እንደ መንገድ ተቆጥሮ ጥንቃቄ ሊደረግበት ይገባል። የሚከተለው ታሪክ ይህን ነገር ያስረዳል።

1. የብርቱካኗ ታሪክ

በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ ትልቅ ሱቅ ፊት ለፊት ሰፊ ግቢ ነበረ። ግቢው የሱቁ ባለቤት የግል ይዞታ ነበረ፤ ገበያተኞችም መኪናቸውን ያቆሙበት ነበር። ሱቁ በተሠራ ጊዜ በግንቡ ሥር ለእግረኞች የሚሆን ጠባብ መሄጃ ተሠርቶ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ባለቤቱ ባዶ የጠርሙስ ሣጥኖችን በዚያ መሄጃ ላይ አስቆለለ። በመሬቱ ላይ ተቀብተው የነበሩትም ነጫጭ መሥመሮች ከእርጅና የተነሣ ጠፉ፤ እንደ ገና የሚቀባቸውም ሰው አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ እግረኞች ሁሉ በመኪናዎቹ መካከል እየተሹለከለኩ ይሄዱ ጀመር።

አንድ ቀን በበዓል ዋዜማ አንዲት ሴት የ7 ዓመት ልጇን ይዛ ወደዚህ ሱቅ መጣች። በአውራ ጎዳናው ላይ ሳሉ የልጁን እጅ አጥብቃ ይዛ ነበር። ለመሻገርም በፈለጉ ጊዜ ነጫጭ መሥመር ወደ ተቀባበት ስፍራ ሄዱ፤ በዚያ ቆመው ግራና ቀኝ ተመለከቱ፤ መኪናዎቹ በቆሙ ጊዜ ተሻገሩ። የግቢውን በር ባለፉ ጊዜ ግን እናቲቱ «እንግዲህ ደረስን» ብላ የልጁን እጅ ለቀቀች።

ከሱቁ የሚፈልጉትን ገዝተው ወጡ። እናቲቱ በአንድ እጇ ዘንቢል፣ በሌላው እጇ የዘይት ጀሪካን ይዛ ትሄድ ነበር፤ ልጁም ከኋላዋ ይከተላት ነበር። በዚህ መካከል አንዲት ብርቱካን ከዘንቢሉ ወድቃ ተንከባለለች፤ ከአንድ ነጭ ፒክአፕ መኪና በስተኋላም ሄዳ ቆመች። ልጁ እናቱን ለማስደሰት ፈልጎ «እኔ አመጣታለሁ» ብሎ ሮጠ፤ ከመኪናውም ኋላ ጎንበስ ብሎ ብርቱካኗን አነሣ።

በመኪናው ውስጥ አንድ ነጋዴ ተቀምጦ ነበር። ነጋዴው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ለቀጠሮ ዘግይቶ ነበርና እጅግ ቸኩሎ ነበር። ስልኩም ይጮኽ ነበር። ሞተሩን አስነሣ፤ የኋላ ማርሽ አስገባ፤ በአንዱ መስታወት ብቻ ጨረፍ አድርጎ ተመለከተና «ማንም የለም» ብሎ ወደ ኋላ ነዳ።

በበሩ አጠገብ የነበረው ሽማግሌ ዘበኛ ይህን አይቶ «ቁም! ቁም!» ብሎ እየጮኸ ሮጠ፤ የመኪናውንም ጎን በበትሩ መታ። ነጋዴው ደንግጦ ፍሬን ያዘ። ዳሩ ግን ጎማው አስቀድሞ በልጁ ቀኝ እግር ላይ ወጥቶ ነበር። ልጁ በሕይወት ተረፈ፤ የእግሩ አጥንት ግን ተሰበረ። ነጋዴው ልጁንና እናቱን በመኪናው አድርጎ ወደ ሐኪም ቤት ሲወስዳቸው ልጁ ያለቅስ ነበር፤ ብርቱካኗን ግን ከእጁ አልጣላትም ነበር።

2. ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ

ሐኪሙ የልጁን እግር በጀሶ አሰረው። ልጁም ብዙ ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀረ። ጧት ጧት በደጃፉ በበርጩማ ላይ ተቀምጦ ባልንጀሮቹ ደብተራቸውን ይዘው ሲያልፉ ይመለከት ነበር፤ ማታም ሲመለሱ ምን እንደ ተማሩ ይጠይቃቸው ነበር።

ነገሩ ለፖሊስ ከተነገረ በኋላ እናቲቱ፣ ነጋዴው፣ የሱቁ ባለቤትና ዘበኛው በሰፈሩ ሽማግሌዎች ፊት ተሰበሰቡ። አስቀድሞ ነጋዴው ተናገረ፤ «እኔ የነዳሁት በዝግታ ነው። ያም ስፍራ መንገድ አይደለም፤ የትራፊክ ፖሊስም አይቆምበትም። ልጁ ከመኪናው ኋላ መኖሩን በምን ላውቅ እችላለሁ?» አለ።

ከእርሱ ቀጥሎ የሱቁ ባለቤት፣ «ግቢው የግሌ ነው። ዕቃዬንም በወደድሁት ስፍራ ላስቀምጥ እችላለሁ። ግቢውን የሠራሁት ለመኪና ማቆሚያ እንጂ ለልጅ መሮጫ አይደለም» አለ።

እናቲቱም እያለቀሰች፣ «ከመንገድ ወጣን ብዬ እጁን ለቀቅሁት» አለች።

ሽማግሌዎቹ ዘበኛውን ምስክርነቱን በጠየቁት ጊዜ ዘበኛው ተነሥቶ ቆመና እንዲህ አለ፤ «አባቶቼ፣ ያየሁትን እናገራለሁ። ጌቶቼ አይቆጡኝ። ያ አጥር ሌባን ያስቀር እንደ ሆነ እንጂ ጎማን አያስቀርም። እርስዎ፣ ጌታዬ፣ አጥሩን አምነው ኋላዎን ሳያዩ ነዱ። እርስዎም፣ ጌታዬ፣ አጥሩን አምነው የእግረኛውን መሄጃ በሣጥን ዘጉት። አንቺም፣ ልጄ፣ አጥሩን አምነሽ የልጅሽን እጅ ለቀቅሽ። እኔም ከጥፋት ንጹሕ አይደለሁም። ሣጥኖቹ ሲቆለሉ በየቀኑ እያየሁ፣ ሰዎችም በመኪና መካከል ሲሹለከለኩ እየተመለከትሁ፣ የእኔ ሥራ በር መጠበቅ ብቻ ነው ብዬ ዝም አልሁ። አራታችን የተውነውን ጥንቃቄ ያ ሕፃን በእግሩ ከፈለው።»

ሽማግሌዎቹም ይህን በሰሙ ጊዜ ጥቂት ዝም አሉ። ከእነርሱ አንዱ ሕግ የሚያውቅ ሰው ነበርና ለነጋዴው እንዲህ ሲል አስረዳው፤ «በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2081ኛው ቁጥር ስለ መኪና ይናገራል። የመኪና ባለቤት መኪናው በሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ጉዳቱ በአውራ ጎዳና ላይ ሲደርስ እንዲህ ነው፣ በግል ግቢ ውስጥ ሲደርስ ግን ሌላ ነው ብሎ አልለየም። የትራፊክ ፖሊስ በሌለበት ስፍራ ሕግ የለም ማለት ትልቅ ስሕተት ነው።»

ነጋዴውም ስሕተቱን አምኖ የሕክምናውን ወጪ ሁሉ ከፈለ። የሱቁ ባለቤት ሣጥኖቹን አስነሣ፤ መሥመሮቹን አስቀባ፤ በበሩም ላይ «በዝግታ ይንዱ» የሚል ጽሕፈት አቆመ። የልጁ እግር ዳነ። ነገር ግን የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም እንደሚባለው ልጁ የታገሠውን ሕመምና ያመለጠውን ትምህርት ማንም ሊመልስለት አልቻለም። ሣጥኖቹን ለማንሣት የወሰደው ጊዜ ግማሽ ቀን ብቻ ነበር፤ ያ ግማሽ ቀን አስቀድሞ ቢገኝ ኖሮ አጥንት ባልተሰበረም ነበር።

3. ግቢ ከአውራ ጎዳና የሚለይበት ነገር

መኪና በአዲስ አበባ የታየው በአጤ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ መኪና ብርቅ ነበር፤ ማቆሚያ ግቢም አያስፈልገውም ነበር። ዛሬ ግን መኪናዎች በዝተዋል፤ ስለዚህ በሱቅ፣ በሐኪም ቤት፣ በሆቴልና በትልልቅ ሕንፃዎች ሁሉ ዘንድ የመኪና ማቆሚያ ይሠራል፤ አንዳንዱም ከሕንፃው በታች በምድር ውስጥ ይገኛል።

በአውራ ጎዳና ላይ የመኪና አካሄድ የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ መኪና ቀኙን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ እግረኛው መኪና ከወዴት እንደሚመጣ አስቀድሞ ያውቃል። በግቢ ውስጥ ግን መኪና ከፊት ይመጣል፤ ከኋላ ይመጣል፤ ከጎንም ይወጣል። አሁን ቆሞ የነበረው ወዲያው ይንቀሳቀሳል። ከሁሉም ይልቅ በጎዳና ላይ እምብዛም የማይደረግ ነገር በግቢ ውስጥ ዘወትር ይደረጋል፤ ይኸውም መኪናን ወደ ኋላ መንዳት ነው።

ደግሞም በግቢ ውስጥ የሰው አሳብ ይከፋፈላል። ነጂው ባዶ ስፍራ ይፈልጋል፤ እግረኛው መኪናውን ይፈልጋል፤ አንዱ ዕቃ ይጭናል፤ ሌላው ሒሳብ ይቆጥራል። ሁለቱም የሚያዩት የሚፈልጉትን ብቻ ነው፤ እርስ በርሳቸው ግን አይተያዩም።

4. ዝግ ያለ መኪናም እንደሚጎዳ

ብዙ ሰዎች «መኪናው በዝግታ ከሄደ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ይህ የማያስተውል ሰው አነጋገር ነው። አንድ የቤት መኪና ብዙውን ጊዜ ከ10 ኩንታል በላይ ይመዝናል። ከ10 ኩንታል በላይ የሆነ ጤፍ በጎማ ላይ ተጭኖ ሲንከባለል ቢታይ፣ ምንም በዝግታ ቢሄድ፣ በፊቱ የሚቆም ማንም የለም።

የመኪናንም ፍጥነት በቁጥር መረዳት ይቻላል። ነጂው አደጋን አይቶ እግሩን በፍሬን ላይ እስኪያደርግ ድረስ ቢያንስ 1 ሴኮንድ ያህል ያልፋል። በዚያ 1 ሴኮንድ ውስጥ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 3 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ከ5 ሜትር ተኩል ያላነሰ ይጓዛል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። ፍሬኑ መኪናውን ማቆም የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በሁለት መኪናዎች መካከል ድንገት የሚወጣ ልጅ ግን ከመንገዱ የሚርቀው ሁለት እርምጃ ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መግለጫ፣ በ2021 በዓለም ሁሉ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ሰዎች በመኪና አደጋ እንደ ሞቱ ተናግሯል። ከሟቾቹም ከአምስት እጅ አንዱ የሚበልጡት እግረኞች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ልጆችና ወጣቶች ከሚገድሉ ነገሮች ሁሉ የሚቀድመው ይኸው የመኪና አደጋ ነው።

5. ወደ ኋላ ስለሚሄድ መኪና

ከመኪና በስተኋላ ለነጂው የማይታይ ስፍራ አለ። የ7 ዓመት ልጅ ቁመት 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ልጁ ጎንበስ ባለ ጊዜ ወይም በተቀመጠ ጊዜ ከመኪናው የኋላ መስኮት በታች ይሆናል። ያን ጊዜ ነጂው በውስጥ መስታወት ቢመለከት የሚያየው ሰማዩንና የሩቁን ግንብ ነው፤ በቅርብ ያለውን ልጅ ግን አያየውም። ልጁ መኪናውን ስለሚያይ መኪናውም እርሱን የሚያየው ይመስለዋል። እንዲህ ግን አይደለም።

ይህ ችግር በአንድ አገር ብቻ የሚገኝ አይደለም። በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንድ የሕፃናት ሐኪም በገዛ ቤቱ ደጅ መኪናውን ወደ ኋላ ይነዳ ነበር። የ2 ዓመት ልጁ ሳይታወቅ ከቤት ወጥቶ በመኪናው ኋላ ነበረ። አባትየውም ሳያየው ገጨው፤ ሕፃኑም ሞተ። የሕፃናትን ሕይወት ማዳን የዘወትር ሥራው የሆነ ሰው የገዛ ልጁን ሊያይ አልቻለም። ስፍራውም የራሱ ደጅ እንጂ አውራ ጎዳና አልነበረም።

ይህ አባት ኀዘኑን በዝምታ አላሳለፈም፤ የሌሎች ሰዎች ልጆች እንዲጠበቁ ደከመ። በ2008 የአሜሪካ ሸንጎ በሕፃኑ ስም የተጠራ ሕግ አወጣ። በዚህም ሕግ መሠረት ከ2018 ግንቦት ወር ጀምሮ በዚያ አገር የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ ኋላውን ለነጂው የሚያሳይ ካሜራ እንዲኖረው ተደረገ። ደንቡ በተጻፈ ጊዜ የዚያ አገር መንግሥት ባደረገው ግምት፣ ወደ ኋላ በሚነዱ መኪናዎች ምክንያት በየዓመቱ 210 ያህል ሰዎች ይሞቱ ነበር፤ 15 ሺህ ያህል ሰዎችም ይጎዱ ነበር። ከሟቾቹ 31 ከመቶው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ፤ 26 ከመቶው ደግሞ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። እንግዲህ ይህ አደጋ ከሁሉ ይልቅ የሚያገኘው ሮጦ ማምለጥ የማይችለውን ሰው ነው።

ካሜራ መልካም ረዳት ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ ከሚነዱት መኪናዎች ብዙዎቹ አሮጌ ስለ ሆኑ ካሜራ የላቸውም። ካሜራ ያለውም ቢሆን ጭቃ ይሸፍነዋል፤ ነጂውም ካልተመለከተው አይጠቅምም። ስለዚህ እግረኛው ራሱን መጠበቅ አለበት።

6. እግረኛ ሊጠብቀው የሚገባው ሥርዓት

1ኛ፤ ታናሽ ልጅ ከግቢው በር ጀምሮ እስከ ሱቁ ደጃፍ ድረስ የታላቁን እጅ ይያዝ። የታላቁ ሰው እጅ በዕቃ የተያዘ እንደ ሆነ የልብሱን ጫፍ ወይም የዘንቢሉን ማንገቻ ይያዝ።

2ኛ፤ ለእግረኛ የተሠራ መሄጃ ካለ በእርሱ ብቻ ይሂድ። ከሌለም ነጂዎች ሊያዩት በሚችሉበት በግልጥ ስፍራ ዳር ይዞ ይሂድ እንጂ በቆሙ መኪናዎች መካከል አይሹለክለክ።

3ኛ፤ ሞተሩ በተነሣ ወይም ነጂው በተቀመጠበት መኪና ኋላ አይለፍ። ወደ ኋላ ሊሄድ የተዘጋጀ መኪና ምልክት አለው፤ በስተኋላው ነጭ መብራት ይበራል፤ ጢስ ይወጣል፤ አንዳንዱም ደጋግሞ ይጮኻል። ይህን ያየ ሰው ርቆ ቆሞ መኪናው እስኪሄድ ይጠብቅ።

4ኛ፤ ጆሮውን ብቻ አይመን። በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መኪናዎች በዝተዋል። እነዚህ መኪናዎች በዝግታ ሲሄዱ ድምፃቸው እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ ጆሮ ያልሰማውን ዓይን ሊያይ ይገባዋል።

5ኛ፤ ኳስ ወይም ብርቱካን ወይም ገንዘብ ከመኪና ሥር ቢገባ ተከትሎ አይሩጥ። ቆሞ ታላቁን ሰው ይጥራ። ብርቱካን በገበያ ይገኛል፤ እግር ግን በገበያ አይገኝም።

6ኛ፤ በማቆሚያ ግቢ አይጫወት፤ ከመኪና ኋላ አይደበቅ፤ ከፀሐይ ለመጠለልም በቆመ መኪና ጥላ አይቀመጥ። ጥላው ድንገት የሚሄድ ጥላ ነው።

7ኛ፤ በምሽትና በዝናብ ጊዜ ጥንቃቄውን እጥፍ ያድርግ። ነጣ ያለ ልብስ ቢለብስ ከሩቅ ይታያል። ጃንጥላም ዓይኑን እንዳይጋርደው ከፍ አድርጎ ይያዝ።

7. ነጂና ባለ ግቢ ሊያደርጉት የሚገባ

ጥበበኛ ነጂ መኪናው ውስጥ ከመግባቱ አስቀድሞ መኪናውን አንድ ጊዜ ይዞረዋል። ከኋላውና ከሥሩ ሕፃን ወይም እንስሳ አለመኖሩን ያያል። ይህን ለማድረግ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። በግቢ ውስጥ ሲነዳም እንደ ሰው እርምጃ ዝግ ይላል፤ ስልኩን አይነካም፤ መስኮቱን ከፍቶ ያዳምጣል። መኪናውን ሲያቆም ስፍራው የሚፈቅድ እንደ ሆነ ኋላውን አስቀድሞ ያስገባል፤ በሚወጣም ጊዜ ፊቱን ወደ ሰው አድርጎ ይወጣል። ወደ ኋላ መንዳት ግድ በሆነበት ጊዜ በሁሉም መስታወት ይመለከታል፤ ዞሮም በትከሻው ላይ ያያል፤ የማይታየው ነገር ካለ ሰው አቁሞ ያስመራል። የሚመራው ሰው ከዓይኑ የተሰወረ እንደ ሆነ ወዲያው ይቆማል። ከግቢው በር ወደ ጎዳና ሲወጣም የእግረኛውን መሄጃ ከማቋረጡ በፊት ይቆማል፤ በበሩ ደጃፍ የሚያልፉ ሰዎች መኪና ከአጥር ውስጥ ይወጣል ብለው አይጠብቁምና።

ባለ ግቢም ለእንግዶቹ ኃላፊነት አለበት። የእግረኛውን መሄጃ ከመኪናው መሄጃ ይለይ፤ በዕቃም አይዝጋው። መሥመሩን በየጊዜው ያስቀባ። ቢቻለው መግቢያውንና መውጫውን ለየብቻ ያድርግ። በምሽት መብራት ያብራ፤ ከምድር በታች ያለ ማቆሚያ ሲሆን ግን ቀንም ያብራ። መኪናን የሚያዘገይ ጉብታ በመሬቱ ላይ ያሠራ። ዘበኛውም በር ከመጠበቅ ጋር ሰው እንዲጠብቅ ይዘዘው።

8. ምክር

በጎዳና ላይ የትራፊክ ፖሊስ ቆሞ ሲያይ የሚጠነቀቅ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የሰው ጠባይ የሚታወቀው የሚያየው በሌለበት ስፍራ ነው። በግል ግቢ ውስጥ ፉጨት የሚነፋ የለም፤ ቅጣት የሚጽፍም የለም። በዚያ ስፍራ ነጂው ለራሱ ፖሊስ ሊሆን ይገባዋል፤ እግረኛውም ለራሱ ዘበኛ ሊሆን ይገባዋል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የጠፋ ሕይወት ግን አይለቀምም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለውም፣ ልጅ ከተጎዳ በኋላ የሚደረግ ጥንቃቄ ለዚያ ልጅ አይረባውም። ስለዚህ አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትን ማሰብ ይገባል። ያ እግሩ የተሰበረ ልጅ ድኖ ወደ ትምህርት ቤት በተመለሰ ጊዜ ከእናቱ ጋር ወደዚያው ሱቅ ሄደ። በበሩ በገቡ ጊዜ እናቲቱ እጇን ከመዘርጋቷ በፊት ልጁ ራሱ እጇን ያዘ። ሽማግሌው ዘበኛም ይህን አይቶ ራሱን ነቀነቀና አዲስ ወደ ተቀባው የእግረኛ መሄጃ በበትሩ አመለከታቸው።

ጥያቄ

1. ሰው ወደ ግቢ በገባ ጊዜ ጥንቃቄውን የሚተወው ስለ ምንድር ነው?
2. ዘበኛው ጥፋቱን ለስንት ሰዎች አካፈለው? የራሱስ ጥፋት ምን ነበር?
3. በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ሜትር ያህል ይጓዛል?
4. ጎንበስ ያለ ልጅ ከመኪና ኋላ የማይታየው ስለ ምንድር ነው?
5. ወደ ኋላ ሊሄድ የተዘጋጀ መኪና በምን በምን ምልክት ይታወቃል?
6. «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምሳሌ ከዚህ ታሪክ ጋር እንዴት ይስማማል?